ሌላ ካለ ይገለጽ

አልታየች ጥናት የሚባለውን ነገር የናቀችው ሳታውቀው አልነበረም፤ አብጠርጥራ አውቃው ነው። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ተጠንታለች። አንዱ መጥቶ ኪኒኗን በሰዓቱ ትውጥ እንደሆነ ጠይቋት ሄደ። ሌላው ትናንት ምን ምን እንደበላች ጠየቃት። ሽሮ አለችው። "ከሽሮ ሌላስ?" አላት። "ማታ ደግሞ ሽሮ" አለችው፤ ያንንም ጻፈው። አንዲት ቀጭን ልጅ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን ተስፋ እንደቆረጠች በቁጥር እንድትነግራት ስትለምናት "የዛሬውን ጨምሬ ነው ሳልጨምር?" አለቻት። ሁሉም ሲሄዱ "ውጤቱን ይዘን እንመለሳለን" ይላሉ። ውጤት ይዞ አንኮበር የገባ ሰው ግን አይታ አታውቅም።

ራሷን ከሌሎቹ ታካሚዎች ተራ አትቆጥርም ነበር። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ እንዳለ በተነገራት ዘመን ሰው በሩን ዘግቶ ይሞት ነበር፤ ቀባሪው "ሳንባ ነው"፣ "ምች ነው" እያለ አፈር መልሶ ይሄዳል። ያኔ ነው አልታየች በቅዳሜ ገበያ መሀል ድምፅ ማጉያ ጨብጣ "እኔን እዩኝ! አለብኝ፤ መድኃኒቱም አለ፤ ኑ ተመርመሩ!" ያለችው። ባሏ በሳምንቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ መተሐራ ወረደ። እህቷ የምትበላበትን ሳህን ለየችባት። አልታየች ግን አላፈገፈገችም። መዘዞ ትምህርት ቤት፣ ደብረ ሲና የጭነት መኪና ሾፌሮች በሚያርፉበት ሰፈር፣ አልዩ አምባ ቆላው ድረስ ወርዳ ያንኑ ተናገረች። በእሷ አፍ ምክንያት ተመርምረው ከሞት የተረፉ ሰዎች አሉ፤ ይህን ማንም አይክዳትም።

ኋላ ጤና ጣቢያው የመድኃኒት ክትትል ደጋፊ አድርጎ ቀጠራት። ሥራዋ ቀጠሮውን ያሳለፈ ታካሚ ቤቱ ድረስ ሄዶ መጥራት ነው። ገደል ትወርዳለች፣ ወንዝ ትሻገራለች፣ በሩን አንኳኩታ "ለምን ቀረህ?" ትላለች። የሚደበቁትን ደግሞ ከተመራማሪዎቹ እኩል ትንቃቸው ነበር። በነጠላ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ግራ ቀኝ እያዩ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሲገቡ ስታይ ደሟ ይፈላል። "መንገዱን እኔ ጠረግሁላቸው፤ እነሱ ዛሬም በቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ይሄዳሉ" ትላለች።

ባለፈው ኅዳር ቃለ አብ የሚባል ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የዶክትሬት ተማሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ለአንኮበር ብርድ የማትሆን ስስ ጃኬት ለብሷል፤ በብብቱ ታብሌት ይዟል። የመድኃኒት ክፍሉ ነርስ ቴዎፍሎስ አልታየችን ጠርቶ አስተዋወቃት።

"እትዬ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሃያ ሦስት ሰው ከክትትላችን ጠፍቷል። የእሱ ጥናት ለምን እንደጠፉ ለማወቅ ነው" አላት።

አልታየች እነዚያን ሰዎች ታውቃቸዋለች። የአብዛኞቹን በር አንድ ሁለቴ አንኳኩታለች። "እሺ፣ እመጣለሁ" ብለው የቀሩባት ናቸው።

"ምኑ ይጠናል? ፈሪዎች ስለሆኑ ነዋ!" አለች ወደ እንግዳው ዞራ። "ይህንኑ ጽፈህ ወደ አገርህ ግባ።"

ቃለ አብ ፈገግ አለ። "እሱም እንደ አንድ ባሪየር ሊወሰድ ይችላል፣ እትዬ አልታየች።"

"እንደ ምን?"

"ባሪየር... እንቅፋት እንደማለት ነው።"

"እንቅፋት ከሆነ እንቅፋት አትልም? ይህንን ለማለት ነው ዶክትሬት የሚማሩት?"

ቴዎፍሎስ ሳቁን ለመደበቅ መዝገቡ ላይ አቀረቀረ። ቃለ አብ ታብሌቱን ከፍቶ መጠይቁን አሳያት። ዋናው ጥያቄ "ክትትልዎን ያቋረጡበት ምክንያት ምንድን ነው?" ይላል። ከሥሩ መልሶቹ ተደርድረዋል፦ ርቀት፣ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት፣ ጸበል፣ የምግብ እጥረት፣ መርሳት። ከሁሉም በታች "ሌላ ካለ ይገለጽ" የሚል ባዶ ቦታ አለ። አማካሪው ፕሮፌሰር ጸበሉ ላይ ትኩረት እንዲያደርግ እንደነገሩት አልደበቃትም።

"ፕሮፌሰሩ አንኮበርን ያውቁታል?" አለች።

"በጽሑፍ... አዎ።"

"ጎሽ" አለች አልታየች።

የጥናቱ ደንብ ታካሚው ሳይፈቅድ ስሙ ለቃለ አብ እንዲሰጥ አይፈቅድም። ስለዚህ አልታየች ቀድማ ሄዳ ታስፈቅዳለች፤ ሲፈቀድ እሱ ይገባል። አገሩን አያውቅምና እሷም ከጎኑ ትቀመጣለች። እንዲህ ተስማምተው በማግስቱ ወጡ።

የመጀመሪያው ጋሽ ወልደአረጋይ ነበሩ፤ ከጤና ጣቢያው ሃያ ደቂቃ በማያስኬድ ቦታ የሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ። አልታየችን ደጃቸው ሲያዩ ወዲያ ወዲህ ተገላመጡና ሁለቱንም እየገፉ ወደ ውስጥ አስገቧቸው። አልታየች በልቧ "ይኸው፣ ፈሪ" አለች። ሽማግሌው ግን ከእሷ የተሻለ ጤና ያላቸው ይመስላሉ። መድኃኒቱን አንድም ቀን አላቋረጡም፤ በየስድስት ወሩ ደብረ ብርሃን ሄደው ይወስዳሉ።

"ጸበል ስለጀመሩ ይሆን እዚህ የተዉት?" አለ ቃለ አብ ተስፋ አድርጎ።

"ጸበሉንም እጠመቃለሁ፣ ኪኒኑንም እውጣለሁ። ማን ከማን ተጣልቶ ነው አንዱን የምተው?"

"ታዲያ ለምን ነው?"

ጋሽ ወልደአረጋይ አልታየችን አየት አደረጓት። "ርቀት" አሉ።

ቃለ አብ በመስኮት የጤና ጣቢያውን ቆርቆሮ አየ። ከዚያ ሽማግሌውን አየ። ከዚያ ርቀት የሚለውን ነካ።

በሳምንቱ ውስጥ አስራ ሦስት ሰው አገኙ። አንዱም ጠፍቶ አልነበረም። ሁሉም በሌላ ከተማ፣ አንዳንዶቹ በሌላ ስም፣ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። አስሩ ርቀት አሉ። አንዲት የጤና ጣቢያው ጎረቤት እንኳ ዓይኗን በጨው አጥባ ርቀት አለች። አልታየች ከየቤቱ በወጡ ቁጥር ሳቋን ትለቀዋለች። "ይህን ነው አዲስ አበባ ይዘህ የምትገባው? አጥር ለአጥር ሆኖ ራቀኝ የሚል ሕዝብ!" ቃለ አብ አልሳቀም። ምሽት ምሽት የሆቴሉ አልጋ ላይ ተቀምጦ መልሶቹን ደጋግሞ ያያቸዋል፤ ጠዋት ሲገናኙም ዓይኑ ቀልቶ ነው።

አልዩ አምባ የወረዱት በገበያዋ ቀን ነው። ቀኑን የመረጠችው አልታየች ናት፤ ነጋዴ በገበያ ቀን ከሱቁ አይጠፋም ብላ። የሚፈልጉት ሰአዳ የምትባል ባሏ የሞተባት የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ቃለ አብ መኪናው ዘንድ ቀረ፤ አልታየች ሕዝቡን እየሰነጠቀች ሄደች። ሱቁ ውስጥ ሁለት ሴቶች አንሶላ ዘርግተው እያዩ ነበር። አልታየችን አዩ፤ ሰአዳን አዩ፤ አንሶላውን አጥፈው አስቀመጡ። "ሌላ ጊዜ እንመጣለን" ብለው ወጡ።

ሰአዳ ከሄዱት ሴቶች ላይ ዓይኗን ሳትነቅል "ምን ይዞዎት መጡ?" አለች።

አልታየች የመጣችበትን ነገረቻት። እምቢ ትላለች ብላ ስትጠብቅ ሰአዳ "ይምጣ፤ እኔም የምናገረው አለኝ" አለች። ሱቋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ በስተኋላ ወዳለው ዕቃ ቤት አስገባቻቸው። ሦስቱም የታሰረ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጡ።

ቃለ አብ የስምምነት ቅጹን አነበበላት፤ ዕድሜዋን፣ ሥራዋን፣ መድኃኒት የጀመረችበትን ዘመን ጠየቃት። ወደ ዋናው ጥያቄ ሲደርስ ሰአዳ የተቀመጠችበትን ጥቅል ገመድ ማጥበቅ ጀመረች።

"ርቀት በል" አለች በመጨረሻ።

"መድኃኒቱን አሁን ከየት ነው የሚወስዱት?"

"ከደብረ ብርሃን።"

"ደብረ ብርሃን ለመሄድ እኮ በአንኮበር ነው የሚታለፈው፣ እህቴ።"

አልታየች መታገሥ አቃታት። "ርቀት ትላላችሁ ሁላችሁም! አፍሬ ነው አትይም? እኔ በአደባባይ ስቆም አንቺ ደህና የነበርሽ ሴት..."

ሰአዳ ቀና አለች። እስከዚያ አንቱ ስትላት የነበረችው ሴት አንቱታውን ጣለችው።

"እውነቱን ልንገርህ?" አለች ለቃለ አብ። "የሸሸሁት መድኃኒቱን አይደለም። እሷን ነው።"

ቃለ አብ ጣቱ ታብሌቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

"የዛሬ ሦስት ዓመት እናቴን አስታምም ነበር። ቀጠሮዬ አምስት ቀን አለፈ። ኪኒን ግን በእጄ ነበረኝ፤ ወላሂ አንድ ቀን አልዘለልኩም። እሷ መጣች። እንደ ዛሬው በገበያ ቀን። 'የሰአዳ ሱቅ የቱ ነው?' እያለች ከጨው ተራ እስከ በርበሬ ተራ ጠየቀች። እዚህ እሷን የማያውቅ አለ? እዚህም ገበያ ላይ ድምፅ ማጉያ ይዛ ቆማ ነበር። እሷ የምትፈልገው ሰው ምን እንዳለበት ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። መግሪብ ሳይሰገድ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። በወሩ የልጄ ኒካህ ሳይታሰር ፈረሰ። የሙሽራው አባት ከሟቹ ባለቤቴ ጋር አብሮ ያደገ ሰው ነው፤ ምክንያቱን እንኳ አልነገረኝም። ልጄ ሁለት ዓመት ከቤት አልወጣችም።"

"እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም!" አለች አልታየች።

"መናገር መቼ ያስፈልግሻል? በሰው በር ላይ ከቆምሽ ተነገረ ማለት ነው።"

"በሽታው እኮ የሚያሳፍር ነገር የለበትም! ይህን ለማስተማር እኔ ቤቴ ፈርሷል፣ እህቴ ሳህን..."

"አንቺ ስለራስሽ ተናገርሽ። አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ፤ ያኔ አንቺን ሰምቼ ነው የተመረመርኩት። እኔንስ ጨምረሽ እንድትናገሪ ማን ወከለሽ?"

አልታየች ለመውጣት ከጥቅሉ ተነሳች።

ሰአዳ እስከ ሱቁ በር አልሸኘቻቸውም። "ቀድመህ ውጣ" አለችው ቃለ አብን። "እሷ ትቆይ፤ ሰው ሲቀንስ በጓሮ ትውጣ።" እናም ሰውን በጓሮ ይሄዳል እያለች ስትንቅ የኖረችው አልታየች ለአንድ ሰዓት ያህል ጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጣ የገበያውን ጫጫታ ሰማች፤ ከዚያ በጓሮ ወጣች።

መኪናዋ ዳገቱን ስትወጣ ቃለ አብ ከኋላ ወንበር ላይ ታብሌቱን ከፈተ።

"ምርጫዎቹ ውስጥ የለም። 'ሌላ ካለ ይገለጽ' ላይ ነው የሚገባው። 'ከአገልግሎት አሰጣጥ ጋር የተያያዘ ምክንያት' ብዬ ብጽፈውስ?"

"ምንድን ነው እሱ?" አለች አልታየች መስኮቱን እያየች። "ቃል አታሰማምርልኝ። 'አልታየች ቤቴ ድረስ ስለመጣች' ብለህ ጻፍ።"

"ስም መጻፍ አይቻልም።"

"የእኔን ስም አገር ያውቀዋል። ጻፍ ስልህ ጻፍ!"

ጻፈ። ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ ለመናገር ፈራ ተባ አለና፣ ርቀት ያሉትን ሰዎች እንደገና መጠየቅ እንዳለበት፣ በዚያን ጊዜ ግን እሷ አብራው ብትቀመጥ እንደማይሆን ነገራት። አልታየች ከገቡበት ቤት ሁሉ ከጎኑ የተቀመጠች እሷ እንደነበረች ያኔ ነው የገባት። ጋሽ ወልደአረጋይ ርቀት ከማለታቸው በፊት ያዩት እሷን ነበር።

ቃለ አብ ከሰዎቹ ጋር በስልክ እየተቀጣጠረ፣ እነሱ በመረጡት ቦታ፣ ብቻውን ጠየቃቸው። አንዱን ደብረ ብርሃን፣ አንዷን ወፍጮ ቤት፣ ሌላውን መኪና ውስጥ። አልታየች እነዚያን ቀናት ጤና ጣቢያው ግቢ ካለው አግዳሚ ወንበር ሳትነሳ አሳለፈች። ሲጨርስ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ስንት ናቸው?" አለችው።

"ቁጥሩ ምን ያደርግልዎታል?"

"እኔ ዘጠኝ ጊዜ ስጠና ውጤቱን የነገረኝ ሰው የለም። አንተ ንገረኝ።"

"ሁሉንም አላገኘሁም። ካገኘኋቸው ግን አስራ አንዱ እንደ ሰአዳ ነው ያሉት።"

አልታየች ራሷን በነጠላዋ ሸፈነች። እንዳያያት ይሁን ከብርዱ፣ ቃለ አብ አልጠየቀም። እሷ የተናገሩትን አስራ አንዱን አልነበረም የምታስበው። ስንት በር አንኳኩታለች? ስንት ሰፈር ገብታ "የእገሌ ቤት የቱ ነው?" ብላለች? ስንቷ ከቤቷ ተባረረች፣ ስንቱ አገር ለቀቀ? ሰውን ሁሉ ፈሪ ስትል የኖረችው አልታየች ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ቀና ብላ የማንንም ደጅ ማየት ፈራች።

በሚያዝያ ወር ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ ሆቴል አዳራሽ የጥናቱ ውጤት ይፋ ሆነ። የታሸገ ውኃ በየጠረጴዛው ተደርድሯል። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው መጥተዋል፤ ያቀረቡትም እሳቸው ናቸው፤ ቃለ አብ የፕሮጀክተሩን ምስል እንዲቀይር ጥግ ላይ አስቀምጠውታል። አልታየች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆና ቁጥሮቹ ሲያልፉ አየች። ርቀት፣ ጸበል፣ መርሳት፣ እያንዳንዱ የራሱ ቀለም ተቀብቶ መጣ። "ሌላ" የሚለው ግራጫ ነበር፤ ፕሮፌሰሩ ናሙናው አነስተኛ ስለሆነ አይተነተንም ብለው አለፉት። ከዚያ ምክረ ሐሳቡ መጣ፦ የጠፉ ታካሚዎችን ለመመለስ የቤት ለቤት ፍለጋው ይጠናከር።

አልታየች ጆሮዋን ተጠራጠረች። ገና ሳታጣራ ስሟ ተጠራ። በጥናቱ ላሳየችው ትጋት አንድ ግብረ ሠናይ ድርጅት ያዘጋጀው ሽልማት ነበር፤ እንደ ትራፊክ ፖሊስ የሚያብለጨልጭ ብርቱካንማ ሰደርያ። ደረቱ ላይ ቀይ ሪባን አለው። ጀርባው ላይ በትልልቁ "የኤች አይ ቪ ታካሚዎች ፍለጋ ቡድን" ተብሎ ተጽፏል። አዳራሹ አጨበጨበ።

አልታየች ሰደርያውን ተቀብላ ጀርባውን ወደ ሰዉ አዞረችው።

"ይህን ለብሼ ነው ሰው ቤት የምሄደው?" አለች። አንዳንዶች ሳቁ። "ጡሩምባስ የለውም? ጡሩምባ ጨምሩልኝና እየነፋሁ ልግባ! አስራ አንድ ሰው 'ከአልታየች ነው የሸሸሁት' ብሎ ነግሯችኋል። አስራ አንድ! እናንተ ደግሞ አልታየችን ብርቱካን ቀለም ቀብታችሁ መልሳችሁ ትልኩባቸዋላችሁ? ያጠፋሁትን እኔ ራሴ አምኜ ተቀምጫለሁ፤ እናንተ ምን ሆናችሁ ነው የምትደብቁልኝ?"

ፕሮፌሰሩ ድምፅ ማጉያውን ረጋ ብለው አነሱ። "በጣም ጠቃሚ አስተያየት ነው፣ እናመሰግናለን። ለወደፊት ጥናቶች በግብዓትነት እንወስደዋለን።"

ከጥጉ ቃለ አብ ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ፕሮፌሰር፣ ለወደፊት አይደለም። መረጃው አለን። ከጽሑፉ እንዲወጣ ሲነገረኝ እሺ ብዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

መድረክ መሪው የሻይ ሰዓት መድረሱን አበሰረ።

ጽሑፉ እንደታተመ አልታየች ሰማች። አስራ አንዱ አልገቡበትም። ቃለ አብ ለብቻው ሌላ እጽፋለሁ ብሎ ደወለላት፤ ይጻፍ አይጻፍ እግዜርና እሱ ይወቁ፣ አልታየች ብዙም አልጠበቀችም። ከቴዎፍሎስ ጋር ግን ያለ ማንም ፈቃድ አንድ ነገር ጀመሩ። ታካሚው ገና መድኃኒቱን ሲቀበል "ብትቀር እንዴት እንፈልግህ?" ብለው ይጠይቁታል። አንዷ "ከትምህርት ቤት ነው ብላችሁ ደውሉ" አለች። አንዱ "በወንድሜ ስልክ፣ እሱ ያውቃል" አለ። ብዙዎቹ "ብቻ ቤቴ አትምጡ" አሉ፤ አልታየችም አንገቷን ደፍታ ይህንኑ በካርዳቸው ላይ ጻፈች። ከሃያ ሦስቱ ሦስት ሰዎች ተመለሱ። ጋሽ ወልደአረጋይ አልተመለሱም፤ ደብረ ብርሃን መሄዱን ለምጄዋለሁ አሉ። ከወረዳው ደግሞ የቤት ለቤት ጉብኝት አፈጻጸሟ ዜሮ በመሆኑ ማስጠንቀቂያ መጣላት። "ዜሮ!" አለች ለቴዎፍሎስ ወረቀቱን እያሳየችው። "በዕድሜዬ የሠራሁት ደህና ሥራ ይህ ነው።"

ሰአዳን ይቅርታ ልትጠይቃት ፈልጋ ነበር። ግን በየት በኩል? ሄዳ እንዳትጠይቃት ጥፋቷ መሄዷ ነው። በቃለ አብ በኩል ብትልክባት ደግሞ ያው ሌላ ሰው ነው። ነገሩ ደረቷ ላይ እንደተቀመጠ ክረምቱ ገባ።

በሐምሌ አንድ ረፋድ ላይ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ከሚኒባስ ስትወርድ ሰአዳን አየቻት። ከልጇና ከሁለት የአልዩ አምባ ሴቶች ጋር ሻንጣ እየጫኑ ነበር። ልጅቷ አድጋለች፤ በሆነ ነገር ትስቃለች። አልታየች እንደ ልማዷ እጇን ዘርግታ ልትሮጥ ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ቆመች። ዞር ብላ መንገድ ዳር ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ገባች። ሱፉ ከየት በግ እንደሆነ፣ ሲታጠብ ያጥር እንደሆነ፣ ለሁለት ሰው ይበቃ እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው ይዘረጋላታል፣ ያጥፍላታል። የአልዩ አምባው መኪና ሞልቶ እስኪወጣ ድረስ ፊቷን አላዞረችም።